ቢሊ ሜረዲዝ፦ የላቡን ዋጋ የጠየቀው የቀኝ ክንፍ

በእንግሊዟ ማንችስተር ከተማ ደቡባዊ ክፍል አንድ ሰፊ የመቃብር ስፍራ አለ። በዚያ ስፍራ እአአ ከ1958 እስከ 2001 ድረስ፣ ለ43 ዓመታት፣ ሐውልት ያልቆመለትና ስም ያልተጻፈበት አንድ መቃብር ነበር። አላፊ አግዳሚው ከሥሩ ማን እንዳረፈ አያውቅም። ያረፈው ግን በዘመኑ በመላዋ ብሪታኒያ ስማቸው ከገነነ የእግር ኳስ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ማንችስተር ሲቲ የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ እሱ ነው፤ ማንችስተር ዩናይትድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሲሆንም በቀኝ ክንፍ የተሰለፈው እሱ ነው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ፣ ከዋሽንግተን እስከ ለንደን የሁለቱ ክለቦች ደጋፊ ኢትዮጵያውያን በደርቢ ቀን ሲከራከሩ ይውላሉ። በክርክሩ መሐል የዚህን ሰው ስም የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ሙሉ ስሙ ዊልያም ሄንሪ ሜረዲዝ ይባላል፤ የሚታወቀው ግን ቢሊ ሜረዲዝ በሚለው ስሙ ነው።

የሜረዲዝ ታሪክ የግብና የዋንጫ ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ሠራተኛ የሙያውን ዋጋ ራሱ ይተምናል ወይስ ሌላው ይተምንለታል የሚለው የቆየ ጥያቄም አብሮት ይጓዛል። ሜረዲዝ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሳ ኖሯል። ጥያቄው አንድ ጊዜ ለውርደት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለክብር ዳርጎታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሬት በታች የጀመረ ሕይወት

ሜረዲዝ የተወለደው ጁላይ 30 ቀን 1874 በሰሜን ምሥራቅ ዌልስ፣ ከእንግሊዝ ድንበር አጠገብ በምትገኘው ቸርክ አቅራቢያ ነው። መንደሩ ብላክ ፓርክ ይባላል። በዚያ አካባቢ የሚወለድ ወንድ ልጅ ዕጣ ፈንታው ከሞላ ጎደል የታወቀ ነበር፤ ዕድሜው ሲደርስ ወደ ድንጋይ ከሰል ማዕድን ይወርዳል። ቢሊም በ12 ዓመቱ ወረደ። ሥራው ከመሬት በታች ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ከሰል የተጫነባቸውን ጋሪዎች የሚጎትቱ ድንክ ፈረሶችን መንዳት ነበር።

ቤተሰቡ ሜቶዲስት ክርስቲያን፣ ሥራ ወዳድና ጥብቅ ነበር። ይሁን እንጂ ኳስ በቤቱ እንግዳ አልነበረችም። ወንድሙ ሳም በኋላ ለስቶክና ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። በቸርክ ደግሞ ቶማስ የተባሉ መምህር ነበሩ። እኚህ መምህር የማዕድን ሠራተኞችን ልጆች ኳስ እያስተማሩ፣ ከዚያች ትንሽ ከተማ በርካታ ብሔራዊ ተጫዋቾች እንዲወጡ አድርገዋል። ሜረዲዝም ከእነዚያ አንዱ ነው።

ወጣቱ ሳምንቱን በጨለማ፣ ቅዳሜን በሣር ላይ ማሳለፍ ጀመረ። ለቸርክ ቡድን ተጫወተ፤ በ1894 ቡድኑ የዌልስን ዋንጫ ሲወስድ አብሮ ነበር። ለኖርዝዊች ቪክቶሪያ ተሰልፎም የእንግሊዝን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቀመሰ። በዚያው ዓመት በማንችስተር ከተማ አርድዊክ የተባለው ክለብ በገንዘብ እጦት ከፈረሰ በኋላ በቦታው ማንችስተር ሲቲ የሚባል አዲስ ክለብ ተቋቁሞ ነበር። አዲሱ ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ ዐይኑ ቸርክ ላይ አረፈ።

የሜረዲዝ እናት ልጃቸው ኳስ መጫወትን መተዳደሪያ ማድረጉን አልወደዱትም። ጨዋታ ለጨዋታነቱ መልካም ነው፤ እንጀራ ሊሆን ግን አይገባም የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ ልጃቸው መጀመሪያ ላይ የፈረመው እንደ አማተር ነበር። በማዕድኑ ሥራውን እንደያዘ፣ ለጨዋታ በባቡር እየተመላለሰ ቆየ። ባለሙያ ተጫዋች የሆነው በጃንዋሪ 1895 ነው።

ለሲቲ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ኦክቶበር 27 ቀን 1894 ሲሆን፣ ተጋጣሚው ኒውካስል ዩናይትድ ነበር። ሲቲ 5 ለ 4 ተሸነፈ። በሳምንቱ ሲቲ ከኒውተን ሂዝ ጋር ተገናኘ። ኒውተን ሂዝ በኋላ ስሙን ለውጦ ማንችስተር ዩናይትድ የሆነው ክለብ ነው። ሁለቱ በሊግ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሲቲ 5 ለ 2 ሲሸነፍ፣ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው የ20 ዓመቱ የከሰል ሠራተኛ ነበር።

በመስመሩ ላይ ያለ ጌታ

የሜረዲዝን ችሎታ ለመረዳት የዘመኑን አጨዋወት ማስታወስ ያስፈልጋል። ቡድኖች የሚሰለፉት በሁለት ተከላካዮች፣ በሦስት አማካዮችና በአምስት አጥቂዎች ነበር። ከአምስቱ አጥቂዎች ሁለቱ በሜዳው ዳርና ዳር ይቆማሉ። የዛሬ የመስመር ተጫዋች እንደሚያደርገው ወደ ኋላ ተመልሶ መከላከል ከእነሱ አይጠበቅም። ሥራቸው ግልጽ ነው፤ ኳሷን ተቀብሎ መስመሩን ይዞ መሮጥ፣ ተከላካዩን ማለፍ፣ ከዚያም ወደ መሐል ማሻማት።

የጨዋታ ውጪ ሕጉም ከዛሬው የጠበቀ ነበር። አንድ አጥቂ ኳስ ሲቀበል ከፊቱ ቢያንስ ሦስት የተጋጣሚ ተጫዋቾች ሊኖሩ ይገባል። ሕጉ ወደ ሁለት የተቀነሰው በ1925 ነው፤ ሜረዲዝ ያን ጊዜ ጫማውን ሰቅሏል። በእንዲህ ዓይነቱ ሕግ ከተከላካዮች ጀርባ ሾልኮ ኳስ መጠበቅ አስቸጋሪ ስለነበር፣ ኳስ እየገፋ ሰው የሚያልፍ ተጫዋች ዋጋው ከፍ ያለ ነበር።

ሜረዲዝ ቀጭን፣ እግሩ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ሲታይ አያስፈራም። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተከላካዩን ወደ ራሱ እስኪጠጋ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በአንድ እርምጃ ጥሎት ይሄዳል። አንዳንዴ በተረከዙ ወደ ኋላ አቀብሎ ሊነጥቀው የመጣውን ባዶ ያስቀረዋል። ከማዕዘኑ አካባቢ የሚያሻማቸው ኳሶች ልክ በመሐል አጥቂው ራስ ላይ ይወርዱ ነበር። እንደ ዘመኑ የመስመር ተጫዋቾች በማሻማት ብቻ አልተወሰነም፤ ወደ ውስጥ ሰብሮ እየገባም ግብ ያስቆጥር ነበር። ሲቲ በ1899 የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ሲያድግ፣ በዚያ የውድድር ዓመት በሊጉ 29 ግቦችን አስቆጥሯል። ይህ ቁጥር ለመሐል አጥቂ እንኳ የሚያኮራ ነው።

ሰዉ ከሩቅ የሚለየው በሌላ ነገር ነበር። ሲጫወት በጥርሱ መሐል ስቴኪኒ ይይዛል። በማዕድን ሳለ ትምባሆ የማኘክ ልማድ ነበረው፤ በመለያዎች ላይ የሚቀረው የትምባሆ ምራቅ አጣቢዎቹን ስላስመረረ በስቴኪኒ ተካው ይባላል። ካርቱን ሣዮች ስቴኪኒውን ከሣሉ ስሙን መጻፍ አያስፈልጋቸውም ነበር። የዌልሱ ጠንቋይ የሚል ቅጽል ስም የወጣለትም በዚያው ዘመን ነው።

ትልቁ ቀን የመጣው ኤፕሪል 23 ቀን 1904 ነው። በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ከ60,000 በላይ ተመልካች በተገኘበት የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ሲቲ ከቦልተን ወንደረርስ ተገናኘ። በጨዋታው የተቆጠረችው ብቸኛ ግብ የአምበሉ የሜረዲዝ ነበረች። ተመልካቹ ከጨዋታ ውጪ ነበር አልነበረም እያለ ተከራከረ፤ ዳኛው ግን ግቧን አጸደቀ። ሲቲ በዚያው ዓመት በሊጉም ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከአሥር ዓመት በፊት ተቋቁሞ የነበረው ክለብ የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫ ይዞ ወደ ማንችስተር ተመለሰ።

የ4 ፓውንድ ጣሪያ

ከዚህ ሁሉ ጭብጨባ በስተጀርባ አንድ ሕግ ነበር። ከ1901 ጀምሮ በእንግሊዝ የማንም ተጫዋች የሳምንት ደመወዝ ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ለአሸናፊነት ጉርሻ መስጠትም ተከልክሏል። 4 ፓውንድ ለተራ የፋብሪካ ሠራተኛ ብዙ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከፍሎ የሚመለከተው ሰው፣ ተቀያሪ ወንበር እንኳ በሌለበት ዘመን አጥንቱ ቢሰበር ነገ ምን እንደሚበላ የማያውቅ ሰው፣ ከዚያ በላይ መጠየቅ አይችልም ነበር።

በዚህ ላይ የዝውውር ሥርዓቱ ተጨመረ። ተጫዋቹ ውሉ ቢያልቅም ክለቡ ካልፈቀደ በቀር ወደ ሌላ ክለብ መሄድ አይችልም። ክለቡ ደመወዙን ቢቀንስበት እንኳ ምርጫው መቀበል ወይም ሙያውን መተው ነው። ከማዕድን ለወጣው ሜረዲዝ ይህ እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም። የከሰል ሠራተኞች ማኅበር አላቸው፤ የሥራ ማቆም አድማ ያውቃሉ። የኳስ ተጫዋቾች ግን ምንም አልነበራቸውም።

ሀብታም ክለቦች ሕጉን በጓሮ በር ይጥሱት ነበር። ሲቲም ከእነዚያ አንዱ ነው። ነገሩ የተገለጠው ግን ሜረዲዝ በራሱ ላይ ባመጣው ጥፋት ነው።

በ1905 የውድድር ዓመት የመጨረሻ ቀን ሲቲ ሻምፒዮን የመሆን ዕድል ይዞ ወደ አስቶን ቪላ ሜዳ ሄደ። ጨዋታው ጠብና ቡጢ የበዛበት ነበር፤ ሲቲም 3 ለ 2 ተሸነፈ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ስለ ጠቡ ሲመረምር ሌላ ነገር ወጣ። ሜረዲዝ ለቪላው አምበል አሌክ ሊክ ጨዋታውን እንዲለቅ 10 ፓውንድ ሊሰጠው እንደጠየቀ ተነገረ። ሊክ ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የቆጠረው። ማኅበሩ ግን ቀልድ አላለውም። በኦገስት 1905 ሜረዲዝ እስከሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ከማንኛውም ጨዋታ ታገደ።

ሜረዲዝ መጀመሪያ ካደ። በኋላ ገንዘቡን ማቅረቡን አምኖ፣ ያደረገው ግን በአሠልጣኙ በቶም ማሌ ትእዛዝ መሆኑን ተናገረ። ማሌ በበኩላቸው ይህን አልተቀበሉም። የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ግን አንድ ነገር ነው፤ የሙያውን ክብር የሚሟገተው ሰው በሙያው ክብር ላይ ጥፋት ፈጽሟል።

ጥፋቱ በዚያ አላበቃም። በእገዳ ላይ ሳለ ክለቡ ገንዘብ እንዲሰጠው አጥብቆ ጠየቀ። ክለቡ ለታገደ ተጫዋች መክፈል ክልክል ስለነበር ጉዳዩን ለማኅበሩ አሳወቀ። ሜረዲዝም የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። ምርመራው ሲቲ ለዓመታት ከጣሪያው በላይ ሲከፍል እንደነበር፣ ሜረዲዝም በሳምንት 6 ፓውንድ ያገኝ እንደነበር አረጋገጠ። በ1906 ዓ.ም. 17 የክለቡ ነባርና የቀድሞ ተጫዋቾች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1907 ታገዱ፤ ለሲቲ ዳግም እንዳይጫወቱም ተከለከሉ። አሠልጣኙ ማሌ ላልተወሰነ ጊዜ ከእንግሊዝ እግር ኳስ ተባረሩ። የዋንጫው ቡድን በአንድ ጀምበር ፈረሰ።

ከከተማዋ ወዲያ ማዶ

የሲቲ ኪሳራ ለጎረቤቱ ሲሳይ ሆነ። የማንችስተር ዩናይትዱ ኃላፊ ኧርነስት ማንግናል ከሌሎች ክለቦች ቀድመው ሜረዲዝን አስፈረሙ። ከእሱ ጋር ግብ አዳኙን ሳንዲ ተርንቡልን፣ ተከላካዩን ኸርበርት በርጀስንና ጂሚ ባኒስተርን ወሰዱ። እገዳው ባበቃበት በ1907 የመጀመሪያ ቀን አራቱም ተሰለፉ። ተጋጣሚው ያው አስቶን ቪላ ነበር። ሜረዲዝ ከቀኝ አሻማ፣ ተርንቡል አስቆጠረ፣ ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አምስት ዓመታት ከዩናይትድ የመጀመሪያ ወርቃማ ዘመን ተቆጥረዋል። በ1908 ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በ1909 በኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ብሪስቶል ሲቲን በተርንቡል ግብ 1 ለ 0 አሸነፈ። በፌብሯሪ 1910 ክለቡ በጭስና በፋብሪካ ከተከበበው ባንክ ስትሪት ሜዳ ወጥቶ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ሲገባ፣ በመክፈቻው ጨዋታ በቀኝ ክንፍ የተሰለፈው ሜረዲዝ ነበር። ያን ቀን ሊቨርፑል 4 ለ 3 አሸንፎ ድግሱን አበላሸ። በ1911 ግን ሁለተኛው የሊግ ዋንጫ ገባ። ዩናይትድ ሦስተኛውን ለማየት እስከ 1952 መጠበቅ ነበረበት።

በዩናይትድ የሜረዲዝ ሚና ተለውጧል። ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በላይ ስለሆነ በሲቲ ሳለ ያስቆጥር የነበረውን ያህል ግብ አላስቆጠረም። ሌሎች እንዲያስቆጥሩ ኳስ የሚያቀርብ፣ ጨዋታውን ከዳር ሆኖ የሚያነብ ሰው ሆነ።

የተባረሩት

ሜረዲዝ ከሜዳ ውጪ የሠራው ትልቁ ሥራ የተጀመረው በዚሁ ዘመን ነው። ምክንያቱም ሞት ነበር። በ1902 የቀድሞው የቡድን ጓደኛው ዌልሳዊው ዴቪድ ጆንስ በልምምድ ጨዋታ ጉልበቱን ተቆርጦ ቁስሉ አመርቅዞ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረፈ። በ1907 ደግሞ የዩናይትዱ ቶሚ ብላክስቶክ በተጠባባቂዎች ጨዋታ ላይ ኳስ በጭንቅላቱ ከመታ በኋላ ወድቆ ሞተ። መርማሪዎች ሞቱ ተፈጥሯዊ ነው አሉ። ቤተሰቡ ካሳ አላገኘም።

በዲሴምበር 2 ቀን 1907 በማንችስተር ኢምፔሪያል ሆቴል ተጫዋቾች ተሰበሰቡ። ስብሰባውን በሊቀመንበርነት የመራው ሜረዲዝ ነበር። ከአጠገቡ የዩናይትዱ አምበል ቻርሊ ሮበርትስ ነበር። በዚያ ቀን የተጫዋቾች ማኅበር ተመሠረተ። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፤ የደመወዙ ጣሪያ ይነሣ፣ ተጫዋቹ ውሉ ሲያልቅ የፈለገበት ይሂድ፣ በሥራው ላይ የተጎዳም እንደማንኛውም ሠራተኛ ካሳ ያግኝ።

የእግር ኳሱ አስተዳዳሪዎች መጀመሪያ ላይ ዝም አሉ። ማኅበሩ ከሀገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ጋር ለመተሳሰር ሲነሣ ግን ተቆጡ። ተጫዋች አድማ ቢመታስ የሚል ፍርሃት አደረባቸው። በ1909 ክረምት ማንኛውም ተጫዋች ከማኅበሩ ካልወጣ እንደማይጫወት አስታወቁ። እንጀራቸው የተነካባቸው ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወጡ። በመጨረሻ እንደ ቡድን እምቢ ብሎ የቀረው የማንችስተር ዩናይትድ ቡድን ብቻ ነበር። የኤፍኤ ዋንጫን ገና ከጥቂት ወራት በፊት ያነሣው ቡድን ያለ ደመወዝ ታገደ።

ተጫዋቾቹ አልተበተኑም። በፋሎፊልድ ሜዳ በራሳቸው ልምምድ ማድረግ ቀጠሉ። ከኤቨርተን ቲም ኮልማን መጥቶ ተቀላቀላቸው። አንድ ቀን ፎቶግራፍ አንሺ ሲመጣ፣ ሮበርትስ የተባረሩት የእግር ኳስ ክለብ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ በፊታቸው አኑሮ ሁሉም በኩራት ተነሡ። ያ ፎቶግራፍ በእንግሊዝ የስፖርት ታሪክ ከታወቁት አንዱ ሆኖ ቀርቷል።

የውድድር ዓመቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ስምምነት ተደረሰ። ማኅበሩ ዕውቅና አገኘ፤ እገዳው ተነሣ። ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አባላቱ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ከሠራተኛ ፌዴሬሽኑ ጋር ላለመተሳሰር ወሰኑ። የደመወዙ ጣሪያም አልተነሣም። ሜረዲዝ በዚህ ክፉኛ አዘነ፤ ባልደረቦቹ የራሳቸውን ኃይል አላወቁም ብሎ ያምን ነበር።

ጦርነት፣ ክህደትና ሃይበሪ

በኤፕሪል 1915፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በስምንተኛው ወር፣ ዩናይትድ ከሊቨርፑል ጋር ተጫወተ። ዩናይትድ ላለመውረድ ይታገል ነበር፤ ጨዋታውን 2 ለ 0 አሸነፈ። በኋላ የሁለቱ ክለቦች ጥቂት ተጫዋቾች ውጤቱን አስቀድመው ተስማምተው በውርርድ ገንዘብ ሊያገኙበት እንደነበር ታወቀ። ሰባት ተጫዋቾች ዕድሜ ልካቸውን ታገዱ። ከእነሱ አንዱ የሜረዲዝ የቅርብ ጓደኛ ሳንዲ ተርንቡል ነበር።

ሜረዲዝ በዚያ ጨዋታ ተሰልፎ ነበር። በምርመራው ምንም እንደማያውቅ ተናገረ፤ ኳስ ለእሱ የሚያቀብል ሲጠፋ ግን ነገሩ እንግዳ ሆኖበት እንደነበር አስረዳ። ከአሥር ዓመት በፊት በጉቦ የታገደው ሰው በዚህኛው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ተርንቡል ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ በ1917 በፈረንሳይ አራስ ግንባር ሞተ። እገዳው የተነሣለት ከሞተ በኋላ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሜረዲዝ ዕድሜው ከ40 አልፏል። ነገር ግን አንድ ያልተሳካለት ነገር ነበረው። ከ1895 ጀምሮ ለዌልስ ሲሰለፍ ኖሯል። በ1907 ሀገሩ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ጋር የምታደርገውን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሸንፍ አብሮ ነበር። እንግሊዝን ግን አሸንፎ አያውቅም። ክለቦቹም ብዙ ጊዜ ለሀገሩ እንዲጫወት አይለቁትም ነበር፤ ይህም ተጫዋች የክለብ ንብረት ነው ከሚለው ሥርዓት የመጣ ቁጭት ነበር።

ማርች 15 ቀን 1920 በለንደኑ ሃይበሪ ሜዳ የ45 ዓመቱ ሜረዲዝ ለ48ኛ ጊዜ የሀገሩን መለያ ለበሰ። ዌልስ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቀው ሰው በመልበሻ ክፍል ውስጥ እንዳለቀሰ ይነገራል። ያ ለዌልስ ያደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ሆነ።

ኒውካስል፣ እንደገና

በ1921 ሜረዲዝ ዩናይትድን ለቆ ወደ ቀድሞ ቤቱ ወደ ሲቲ ተመለሰ። የሚጫወተው አልፎ አልፎ ነበር። ሰዉም ወደ ታሪክ መግባቱን አምኖ ነበር። በ1924 ግን በኤፍኤ ዋንጫ ሲቲ በድንገት አስታወሰው። በብራይተን ላይ ግብ አስቆጠረ። በሩብ ፍጻሜው ድጋሚ ጨዋታ በካርዲፍ ሲቲ ሜዳ፣ በዌልስ ምድር፣ መስመሩን ይዞ ሄዶ ባቀበለው ኳስ ቶሚ ብራውል የማሸነፊያዋን ግብ አገባ።

የግማሽ ፍጻሜው ማርች 29 ቀን 1924 በበርሚንግሃም ተደረገ። ሜረዲዝ 50 ዓመት ሊሞላው አራት ወር ቀርቶት ነበር። ሲቲ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ተጋጣሚው ኒውካስል ዩናይትድ ነበር፤ ወጣቱ የከሰል ሠራተኛ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለሲቲ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገበት ያው ክለብ። ሜረዲዝ ከዚያ በኋላ በውድድር ጨዋታ አልተሰለፈም።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በማንችስተር መጠጥ ቤት አስተዳደረ። በ1926 ስለ እግር ኳስ በተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ታየ። ወጣት ተጫዋቾችን መከረ። በሁለቱም ክለቦች የሚታወቅ፣ በሁለቱም ሜዳዎች የሚከበር አዛውንት ሆኖ ኖረ። ሀብት ግን አላፈራም። ዘመኑ ለተጫዋች የሚያስቀምጠው ሀብት አልነበረም።

በፌብሯሪ 1958 የማንችስተር ዩናይትድን ወጣቶች የያዘው አውሮፕላን በሙኒክ ተከስክሶ 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ከተማዋ ገና ኀዘን ላይ ሳለች ኤፕሪል 19 ቀን ቢሊ ሜረዲዝ በ83 ዓመቱ አረፈ። በዚያ የኀዘን ወቅት ሞቱ የሚገባውን ያህል አልተሰማም።

በዚያው ዓመት እሱ የመሠረተው ማኅበር ስሙን የባለሙያ እግር ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር ብሎ ለወጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ተጫዋቾቹ አድማ እንመታለን ብለው ሲቆርጡ የደመወዙ ጣሪያ ተነሣ። የዚያን ጊዜ ጣሪያው በሳምንት 20 ፓውንድ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ማግኘት ጀመረ። ዛሬ በየቴሌቪዥኑ የምናያቸው ኮከቦች የሚያገኙት ገንዘብ የተነሣው ከዚያ ነው።

በ2001 ስም አልባው መቃብር ሐውልት ቆመለት። ወጪውን የሸፈኑት የዌልስ እግር ኳስ ማኅበር፣ ሁለቱ የማንችስተር ክለቦችና የተጫዋቾቹ ማኅበር በጋራ ነበሩ። የተጫዋቾቹ ማኅበር በ1907 የዲሴምበር ምሽት የመጀመሪያ ስብሰባውን የመራለትን ሰው ስም በድንጋይ ላይ ለማስቀረጽ 94 ዓመት ፈጅቶበታል።